ሽፈራው የአይጥን ስኳር ካወረደ ለምን ፋርማሲ አልገባም?

ጥያቄ፦ «አባቴ 63 ዓመታቸው ነው። ዓይነት 2 የስኳር ሕመም እንዳለባቸው ከታወቀ ሰባት ዓመት ሆኗል። ጠዋትና ማታ ሜትፎርሚን፣ ጠዋት ደግሞ ግሊቤንክላማይድ ይወስዳሉ። ሜትፎርሚኑ ሆዳቸውን እየነፋ አስመርሯቸዋል። በቅርቡ ጎረቤታችን ከመርካቶ የሽፈራው ዱቄት ገዝተው ሰጧቸው። እኔም ስልኬ ላይ ስፈልግ የአገራችን ተመራማሪዎች ሽፈራው የአይጦችን ስኳር ‹ከመድኃኒቱ እኩል› እንደሚያወርድ ማረጋገጣቸውን አነበብኩ። በምርምር ከተረጋገጠ ለምን ፋርማሲ አይሸጥም? ኩባንያዎች ስላልፈለጉት ነው? አባቴ ኬሚካሉን ትተው የተፈጥሮውን ቢጠጡ ምን ይጎዳቸዋል?» (ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ የተላከ)

ምላሽ፦ እንዲህ ያሉ ጥናቶች መኖራቸው እውነት ነው። በደቡብ የአገራችን ክፍል ሀለኮ እየተባለ የሚበላው ሽፈራው፣ ማለትም የሞሪንጋ ዛፍ፣ በአዲስ አበባ ላቦራቶሪዎች ለዓመታት ሲጠና ቆይቷል፤ የቅጠሉ ጭምቅ የአይጦችንና የጥንቸሎችን የደም ስኳር እንደሚቀንስ ያሳየው ጥናትም አንድ ብቻ አይደለም። ስሕተቱ ያለው «ተረጋገጠ» በሚለው ቃል ላይ ነው። የታየው ነገር ጠባብ ነው፤ በተወሰነ መንገድ የተዘጋጀ ጭምቅ፣ በተወሰነ መንገድ እንዲታመም በተደረገ እንስሳ ላይ፣ ለጥቂት ሳምንታት ስኳር ቀንሷል። ተመራማሪዎቹም በጽሑፋቸው መጨረሻ ከዚህ የበለጠ አይሉም፤ ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል ብለው ነው የሚዘጉት። ያ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ወደ ስልክዎ እስኪደርስ ድረስ በመንገድ ላይ ይወድቃል።

ከአይጡ ልጀምር። የላቦራቶሪ አይጥ አብዛኛውን ጊዜ የስኳር ሕመም የለበትም፤ እንዲታመም ይደረጋል። በብዙዎቹ ጥናቶች አሎክሳን ወይም ስትሬፕቶዞቶሲን የተባለ ኬሚካል ይወጋና በቆሽቱ ውስጥ ኢንሱሊን የሚያመርቱት ሕዋሳት ይሞታሉ፤ ስኳሩም በጥቂት ቀናት ውስጥ ያሻቅባል። ይህ ይበልጥ የሚመስለው የዓይነት 1 ስኳርን ነው። የአባትዎ ሕመም አካሄዱ ሌላ ነው፤ ቆሽታቸው ኢንሱሊን ማምረቱን አላቆመም፣ ነገር ግን ጡንቻቸውና ጉበታቸው ለኢንሱሊኑ በሚገባ አይታዘዙም፣ ጉበታቸውም ሌሊቱን ሙሉ ከሚያስፈልገው በላይ ስኳር ወደ ደም ይለቃል፤ በዓመታት ውስጥ ደግሞ ቆሽቱ ራሱ እየደከመ ይሄዳል። በአንደኛው ሕመም ላይ የሠራ ነገር በሌላኛው ላይ ላይሠራ ይችላል።

«ከመድኃኒቱ እኩል» የሚለውም እንዲሁ በጥንቃቄ መነበብ አለበት። በእነዚህ ጥናቶች ለማወዳደሪያ የሚሰጠው መድኃኒት ብዙውን ጊዜ ግሊቤንክላማይድ ነው። ግሊቤንክላማይድ የሚሠራው ኢንሱሊን አምራች ሕዋሳትን በመቀስቀስ ነው። ሕዋሳቱ አስቀድመው በኬሚካል በተገደሉበት እንስሳ ውስጥ ግን የሚቀሰቅሰው ብዙ ነገር አያገኝም፤ አቅሙም በዚያው ልክ ይወርዳል። ስለዚህ ዕፁ በአይጥ ላይ ከግሊቤንክላማይድ ጋር እኩል ቢወጣ፣ እኩል የሆነው እግሩ ከታሰረ ሯጭ ጋር ሊሆን ይችላል። አባትዎ ከሚወስዱት ሜትፎርሚን ጋር በሰው ላይ ተፎካክሮ እኩል መውጣቱን ይህ ውጤት አይነግረንም።

ቀጥሎ የመጠን ጉዳይ አለ፤ በእኔ ግምት ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለምሳሌ ያህል ለአይጥ በአንድ ኪሎ ግራም ክብደት 500 ሚሊ ግራም ጭምቅ ተሰጠ እንበል። 25 ግራም የምትመዝን አይጥ 12.5 ሚሊ ግራም ወሰደች ማለት ነው። ይህን በቀጥታ ወደ 70 ኪሎ ሰው ብናሰላው 35 ግራም ጭምቅ ይመጣል፤ ይህ ግን የተሳሳተ ስሌት ነው፤ ትንሽ እንስሳ መድኃኒትን ከሰው ይልቅ በፍጥነት ስለሚያስወግድ የአይጥ መጠን ወደ ሰው ሲለወጥ ለ12.3 ይካፈላል። በዚህ ስሌት ሰውየው ወደ 2.8 ግራም ጭምቅ ያስፈልገዋል። አሥር ግራም ደረቅ ቅጠል አንድ ግራም ጭምቅ ይሰጣል ብንል፣ በየቀኑ 28 ግራም ደረቅ ቅጠል መሆኑ ነው። በሻይ ማንኪያ ዱቄት በትኖ የሚጠጣ ሰው ጥናቱ የሞከረውን ነገር እየጠጣ አይደለም፤ ወደዚያ መጠን ለመድረስ ብሎ የሚጨምረው ሰው ደግሞ ደኅንነቱ በሰው ላይ ወዳልተፈተሸ መጠን እየገባ ነው። ስሌቱ ራሱም ቢሆን ለመጀመሪያው የሰው ሙከራ መነሻ እንዲሆን ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበት ግምት እንጂ ለቤት የሚሆን የሐኪም ትእዛዝ አይደለም።

በዚህ ላይ ቅጠል አንድ ወጥ ነገር አይደለም። የሚገኝበት አፈር፣ የተለቀመበት ወር፣ በፀሐይ ወይም በጥላ መድረቁ፣ በውኃ ወይም በአልኮል መጨመቁ በውስጡ ያለውን ንጥረ ነገር ይለውጠዋል። የወባ መድኃኒት ታሪክ ይህን በግልጽ ያሳያል። ቻይናዊቷ ሳይንቲስት ቱ ዮዮ እና ባልደረቦቿ አርቴሚሲያ አኑዋ የተባለውን ተክል ሲያጠኑ በሙቀት የተዘጋጀው ጭምቅ አንድ ጊዜ ሲሠራ ሌላ ጊዜ እየከሸፈ አስቸግሯቸው ነበር። ዕፁ በቀዝቃዛ ውኃ ተነክሮ እንዲጨመቅ የሚያዝ የጥንት ጽሑፍ ካነበበች በኋላ ሙቀቱን ትታ በዝቅተኛ ሙቀት በሚተን በኤተር ጨመቀችው፤ በ1971 እ.ኤ.አ. የተገኘው ጭምቅ በእንስሳት ላይ የወባውን ተውሳክ ሙሉ በሙሉ አጠፋ፤ በቀጣዩ ዓመትም አርቴሚሲኒን ተለይቶ ወጣ። በ2015 እ.ኤ.አ. ለኖቤል ሽልማት ያበቃት ይህ ሥራ ነው። ዛሬ በጤና ጣቢያዎቻችን የሚሰጠው ኮአርተም በውስጡ የያዘው አርቴሜተር የዚያ ንጥረ ነገር ልጅ ነው። ቅጠሉን በሻይ መልክ መጠጣት ግን እስከ ዛሬ ድረስ በዓለም ጤና ድርጅት አይደገፍም፤ በአንድ ሲኒ ሻይ ውስጥ ስንት ንጥረ ነገር እንዳለ ማንም ስለማያውቅ፣ ያነሰ መጠንም ተውሳኩን ስለሚያላምደው ነው። ተክሉ እውነተኛ መድኃኒት ይዞ ነበር፤ መድኃኒቱ የተገኘው ግን ንጥረ ነገሩ ተለይቶ፣ ተለክቶ፣ ተፈትሾ ነው።

«ኬሚካሉን ትተው የተፈጥሮውን» ያሉትን ላርመው። ሜትፎርሚን ራሱ የዘር ሐረጉ ከተክል ይመዘዛል። በአውሮፓ ጋሌጋ ኦፊሲናሊስ የሚባል አበባ ያለው ተክል ነበር፤ በውስጡ የጓኒዲን ቤተሰብ የሆኑ ንጥረ ነገሮች አሉ፤ ጓኒዲን የእንስሳትን ስኳር እንደሚያወርድም ታወቀ፤ ነገር ግን መርዛማ ነበር። ኬሚስቶች ዝምድና ያላቸውን ውህዶች እየሠሩ ሞከሩ። ሲንታሊን የተባለው ለሕሙማን ከተሰጠ በኋላ ጉበትና ኩላሊት ስለጎዳ ተተወ። ፌንፎርሚን የተባለው ለዓመታት በፋርማሲ ተሸጠ፤ ደም ውስጥ ላክቲክ አሲድ እያከማቸ ሰው ሲገድል በ1970ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. በአሜሪካና በብዙ አገሮች ከገበያ ወጣ። ሜትፎርሚን በ1922 እ.ኤ.አ. በላቦራቶሪ ተሠራ፤ ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ስተርን በስኳር ሕሙማን ላይ ሞክሮ ውጤቱን ያሳተመው በ1957 እ.ኤ.አ. ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ለሽያጭ የበቃው ደግሞ በ1995 እ.ኤ.አ. ነው። አባትዎ የሚውጧት ፍሬ እንግዲህ ከአንድ ቤተሰብ ወንድሞቿ መካከል ፈተናውን አልፋ የተረፈችው ናት። ከፖም ዛፍ ሥር ልጣጭ በ1835 እ.ኤ.አ. የተለየው ፍሎሪዚንም ዛሬ ዳፓግሊፍሎዚንና መሰሎቹ ለተባሉት የስኳር መድኃኒቶች መነሻ ሆኗል፤ መንገዱ ግን ከ170 ዓመት በላይ ፈጅቷል።

ተፈጥሮ በራሱ ለደኅንነት ዋስትና አለመሆኑን ደግሞ ከውጭ ታሪክ መማር አያስፈልገንም። ኮሶ የኮሶ ትልን እንደሚያስወጣ አያቶቻችን በትክክል ያውቁ ነበር፤ መጠኑ ሲበዛ የዓይን ነርቭን እንደሚጎዳ ግን በአገራችን የሕክምና ጽሑፍ ጭምር ተመዝግቧል። ኒክሎሳማይድና ፕራዚኳንቴል ሲመጡ ኮሶ ወደ ኋላ የቀረው አቅም አጥቶ አይደለም። በሚፈውሰውና በሚጎዳው መጠን መካከል ያለው ርቀት ስለጠበበና በየቤቱ የሚለካበት መንገድ ስላልነበረ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የስኳር ሕክምና ግቡ ቁጥር ማውረድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሥራችን ቀላል በሆነ ነበር። ግቡ ዓይን እንዳይጠፋ፣ ኩላሊት እንዳይደክም፣ እግር እንዳይቆረጥ፣ ልብ እንዳይቆም ነው። ስኳር እያወረደ ሰውን የጎዳ መድኃኒት አለ። ትሮግሊታዞን በ1997 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዶ፣ ስኳርን በሚገባ እያወረደ፣ ጉበት አጥፍቶ የገደላቸው ሰዎች ስለተገኙ በ2000 እ.ኤ.አ. ከገበያ ወጣ። በዘመድነት የሚቀርበው ሮሲግሊታዞን ደግሞ በ2007 እ.ኤ.አ. በልብ ሕመም ተጠርጥሮ ዓለምን አነጋገረ፤ ከዚያ በኋላ የአሜሪካው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አዲስ የስኳር መድኃኒት የልብ አደጋን እንደማያባብስ እንዲያሳይ መጠየቅ ጀመረ። እነዚህ ሁለቱ በአይጥ ላይም፣ በሰው ላይም ስኳር አውርደው ነበር። የአንዱ ጉዳትም ሆነ የሌላው ጥርጣሬ የታየው ብዙ ሺህ ሰዎች ከተጠቀሙባቸው በኋላ ነው።

ለሜትፎርሚን በዚህ በኩል የቆመለት ማስረጃ በብሪታኒያ የተካሄደው ረጅሙ ጥናት ነው። ውጤቱ በ1998 እ.ኤ.አ. ታተመ፤ ክብደታቸው ከፍ ያለ አዲስ የስኳር ሕሙማን በዕጣ ተመድበው አሥር ዓመት ከመንፈቅ ያህል ተከታተሏቸው። ሜትፎርሚን የደረሳቸው ሰዎች በዋናነት በአመጋገብ ብቻ ከታከሙት ጋር ሲነጻጸሩ ከስኳር ጋር በተያያዘ ምክንያት መሞታቸው በ42 በመቶ፣ በማንኛውም ምክንያት መሞታቸው በ36 በመቶ ቀነሰ። አሥር ዓመት፣ በሰው ላይ፣ በሞትና በሕይወት የተለካ ውጤት ነው። ሽፈራውን በዚህ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ዛሬ አይቻልም፤ በሚዛኑ ሌላ ወገን የሚቀመጥ የሰው ውጤት ገና የለንም። የቅርብ ዘመዱ በሆነው በሌላው የሞሪንጋ ዝርያ ላይ በሰው የተሞከሩት ጥናቶችም ትናንሽና አጫጭር ናቸው፤ ውጤታቸውም እርስ በርሱ አይስማማም።

ኩባንያዎች ስላልፈለጉት ነው ወይ ላሉት፣ ከፊሉ ትክክል ነው፤ ልሸፍነው አልፈልግም። አንድ መድኃኒት ከላቦራቶሪ ተነሥቶ ፋርማሲ እስኪደርስ አብዛኛውን ጊዜ ከአሥር ዓመት በላይ ይፈጃል። መጀመሪያ በእንስሳት ላይ የመርዛማነት ጥናት ይካሄዳል፤ ቀጥሎ በጥቂት አሥር ጤነኛ ፈቃደኞች ላይ ደኅንነቱ ይታያል፤ ከዚያ በመቶ በሚቆጠሩ ሕሙማን ላይ መጠኑና አቅሙ ይፈተናል፤ በመጨረሻም በብዙ መቶዎች ወይም በሺዎች ላይ አሁን ካለው ሕክምና ጋር በዕጣ ይወዳደራል። ወደ ሰው ሙከራ ከገቡት ውስጥ እስከ መጨረሻ የሚዘልቀው ከአሥር አንድ ገደማ ነው። ይህን ሁሉ ገንዘብ የሚያወጣ ኩባንያ ማንም በጓሮው የሚተክለውን ቅጠል በብቸኝነት ሊሸጠው እንደማይችል ያውቃል። ስለዚህ ዕፁን የሚደብቅ ሰው ባይኖርም፣ ወጪውን የሚሸከም ሰው ማግኘት ከባድ ነው፤ ውጤቱም ለእኛ ያው ነው።

ይህን ሳስብ የፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ ታሪክ ከአእምሮዬ አይወጣም። በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከዚያች ምልከታ ተነሥተው እንዶድ የበሽታውን አስተላላፊ ለመግደል እንደሚያገለግል አሳዩ፤ ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ከምልከታው እስከ ሽልማቱ 25 ዓመት ነው። እንዶድ ግን ዛሬም በሰፊው አልተሠራጨም። አክሊሉ ለማ ራሳቸው በአደባባይ ይናገሩ እንደነበረው፣ ከድኻ አገር ላቦራቶሪ የወጣ ማስረጃ በሀብታም አገሮች ተቋማት ዘንድ እንዲታመን ማድረግ ራሱን የቻለ ትግል ነበር። ስለዚህ የጠያቂዬን ቁጭት እጋራለሁ። ቁጭቱ የሚያስኬደው ግን ጥናቱን እስከ መጨረሻ ወደ መግፋት ነው፤ አባትዎን ያለ ሐኪም፣ ያለ መዝገብ፣ ያለ ክትትል የሚሞከርባቸው ሰው ወደ ማድረግ አይደለም።

ጥናቱን እስከ መጨረሻ መግፋት እዚሁ ከተማ ውስጥ የሚቻል መሆኑም ታይቷል። መድኃኒት የተላመደ ቲቢን ለማከም ቀድሞ 20 ወር እና ከዚያ በላይ ይፈጅ ነበር። ስትሪም የተባለው ሙከራ ከ9 እስከ 11 ወር የሚወስድ ሕክምና ከረጅሙ ጋር ያወዳደረ ሲሆን፣ ከአራቱ ተሳታፊ አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች፤ በአዲስ አበባ ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታልና አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ተካፍለዋል። በ2019 እ.ኤ.አ. በታተመው ውጤት በአጭሩ ሕክምና ወደ 79 በመቶ፣ በረጅሙ ወደ 80 በመቶ የሚሆኑት ጥሩ ውጤት አግኝተዋል፤ አጭሩ ከረጅሙ አላነሰም ማለት ነው። ከእንጦጦ ግርጌ ሆነው ፈቃዳቸውን የሰጡ ሕሙማን የዓለምን የቲቢ ሕክምና ለመቀየር አስተዋጽኦ አድርገዋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ሥርም ለአፍሪካ አዳዲስ መድኃኒቶችን ለማበልጸግና ለመሞከር የተቋቋመ ማዕከል አለ። የጎደለው በእንስሳት ላይ ተስፋ ሰጪ ሆነው የተገኙትን ዕፆች ወደ ሰው ሙከራ የሚያሻግር ተከታታይ ገንዘብና ትዕግሥት ነው።

አሁን ስለ አባትዎ። ደብዳቤዎን ሳነብ ያሳሰበኝ እርስዎ ያማረሩት መድኃኒት አይደለም። ሜትፎርሚን ለብቻው ስኳርን ከመጠን በታች የሚያወርደው እምብዛም ነው። ግሊቤንክላማይድ ግን ሰው በላም አልበላም ቆሽቱን ይቀሰቅሳል፤ ጉልበቱም ብዙ ሰዓት ይቆያል፤ ኩላሊት ሲደክም ደግሞ ይብሳል። የዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ግሊቤንክላማይድ ከ60 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች እንደማይስማማ ያስቀምጣል፤ ከዚያው ቤተሰብ የሚመረጠው ግሊክላዛይድ ነው። አባትዎ 63 ናቸው። በዚህ ላይ ስኳር ያወርዳል ተብሎ የሚታመን፣ መጠኑ ያልታወቀ ዱቄት ሲጨመር አደጋው ይደራረባል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ከሆነማ ጠዋት የወሰዷት ፍሬ በባዶ ሆድ ስትሠራ ትውላለች። ከዓመታት በፊት በአንድ የድንገተኛ ክፍል እንዲህ የመጡ እናት አይቻለሁ፤ ቤተሰቡ በጾሙ ደክመው የተኙ መስሏቸው ከቀትር በኋላ ድረስ አልቀሰቀሷቸውም። ተርፈዋል። ስኳራቸው በግሉኮስ ከተስተካከለ በኋላም ግሊቤንክላማይዱ ገና ከሰውነታቸው ስላልወጣ ደግሞ ደጋግሞ ወርዶባቸው ሌሊቱን በክትትል አድረዋል።

ስለ ዱቄቱ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ልናገር። ለስኳር ተብለው የሚሸጡ የዕፅ ዱቄቶች ውስጥ በስውር ግሊቤንክላማይድና መሰል መድኃኒቶች ተቀላቅለው በተለያዩ አገሮች በተደጋጋሚ ተይዘዋል። የጎረቤትዎ ዱቄት እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም፤ ንጹሕ ቅጠል ሊሆን ይችላል። ነገር ግን መለያ ጽሑፍ የሌለው ዱቄት በጥቂት ቀናት ውስጥ ስኳርን በጣም ካወረደ፣ ደስ ከመሰኘት በፊት ሊጠረጠር ይገባዋል። ሽፈራው በእንስሳት ላይ የደም ግፊትንም ስለቀነሰ፣ አባትዎ የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ይህም ለሐኪማቸው መነገር አለበት።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። አባትዎ ሜትፎርሚናቸውን በራሳቸው አያቁሙ። የሽፈራውን ዱቄት እንደ መድኃኒት መውሰዳቸውን ግን ያቁሙ። በዚህ ሳምንት ወደሚከታተሏቸው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይውሰዷቸው፤ ሁሉንም መድኃኒትና ዱቄቱን ጭምር በአንድ ፌስታል ይዘው ይሂዱ። በዕፁ ምክንያት ይቆጡኛል ብለው አይደብቁ፤ ሐኪሙ ካላወቀው ስኳሩ ለምን እንደወረደ ወይም እንደወጣ ሊያውቅ አይችልም። ሦስት ነገሮችን ይጠይቁ። የመጀመሪያው ግሊቤንክላማይዱ በግሊክላዛይድ ወይም በሌላ መድኃኒት ሊተካ ይችል እንደሆነ ነው። ሁለተኛው የሜትፎርሚኑ ጉዳይ ነው፤ የሆድ መነፋቱ ብዙ ጊዜ መፍትሔ ያለው ችግር ነው፤ ከምግብ ጋር ወይም ከምግብ በኋላ ወዲያው መውሰድ፣ መጠኑን ለጊዜው ቀንሶ በየሳምንቱ ቀስ እያሉ ማሳደግ፣ ከተገኘም ቀስ ብሎ የሚለቀቀውን ዓይነት መጠቀም ብዙዎችን ረድቷል። ሦስተኛው የላቦራቶሪ ምርመራ ነው፦ የሁለትና ሦስት ወር የስኳር ሁኔታ የሚያሳየው ኤዋንሲ፣ ለኩላሊት ክሬአቲኒን፣ ሜትፎርሚንን ለዓመታት ስለወሰዱም ከተቻለ የቫይታሚን ቢ12 መጠን። የኩላሊታቸው የማጣራት አቅም በደቂቃ ከ30 ሚሊ ሊትር በታች ከሆነ ሜትፎርሚን መቆም አለበት፤ ይህን የሚወስነው ግን የምርመራው ውጤት ነው፣ የሆድ መነፋት አይደለም። ከባድ ትውከትና ተቅማጥ በያዛቸው ቀንም ሜትፎርሚኑን ከመውሰዳቸው በፊት ሐኪም ይጠይቁ።

እስከዚያው ድረስ በድንገት ላብ ላብ ካላቸው፣ ከተንቀጠቀጡ፣ ንግግራቸው ከተምታታ ወይም እንደ ሰከረ ሰው ከሆኑ ስኳራቸውን ይለኩ፤ ከ70 በታች ከሆነ፣ ወይም መለኪያ ከሌለዎት ሳይለኩም ቢሆን፣ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ያጠጧቸው፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግመው ይለኩ። ራሳቸውን ከሳቱ በአፋቸው ምንም አይስጡ። ቢነቁም እንኳ ግሊቤንክላማይድ በሰውነታቸው ውስጥ ስላለ ወደ ሆስፒታል ይውሰዷቸው።

ሽፈራውን እንደ ጎመን ቀቅለው በማዕዳቸው ላይ ማቅረብ ከፈለጉ አልከለክልም፤ ደቡብ ያሉ ወገኖቻችን ለትውልዶች ሲበሉት የኖሩት ምግብ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስኳራቸውን ቶሎ ቶሎ ይለኩ፤ በመድኃኒት ምትክ ሳይሆን በምግብነቱ ይያዙት፤ ቅጠሉን አፍልቶ፣ አጥልሎና አወፍሮ መጠጣት ግን ከምግብነት ይወጣል።

አንድ ቀን በሽፈራው ላይ በሰው የሚካሄድ ሙከራ ተከፍቶ አባትዎ እንዲሳተፉ ቢጠየቁ፣ ቅር ሳይልዎ ሊያስቡበት ይችላሉ። መጀመሪያ ግን ወረቀት ይጠይቁ። በአገራችን በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት በሰው ላይ የሚደረግ የመድኃኒት ሙከራ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ይሁንታም እንዲሁ። በአማርኛ ወይም በሚረዱት ቋንቋ የተጻፈ የስምምነት ቅጽ ሊሰጥዎ፣ ጉዳቱና ጥቅሙ ሊነገርዎ፣ በፈለጉ ጊዜ ያለ ቅጣት መውጣት እንደሚችሉ ሊረጋገጥልዎ፣ ጉዳት ቢደርስ ማን እንደሚያክምዎ ሊጻፍ ይገባል። የነበረውን መድኃኒት ያለ ክትትል አቁሙ የሚል፣ ወይም ለሚሞከረው ነገር ገንዘብ የሚያስከፍል ሰው ካጋጠመዎ፣ ምንም ዓይነት ነጭ ጋዋን ቢለብስ ተመራማሪ ብለው አይቀበሉት። ፈቃዱን አሳየኝ ብለው ይጠይቁ፤ ካላሳየ አባትዎን ይዘው ይውጡ።